የሕርጊጎ እውነተኛ ባሕር ዛፍ

ባሕር ዛፍ በተባለ ጊዜ የደጋው ሰው ሐሳብ ከባሕር ማዶ መጥቶ ቀዬውን ሁሉ ወደ ሞላው፥ ለማገዶና ለቤት ሥራ ወደሚቈረጠው ረጅም ዛፍ ይሄዳል። ከምጽዋ በስተደቡብ ባለው በሕርጊጎ ጠረፍ ግን ስሙ በእውነት የሚገባው፥ እግሩን በጨው ውሃ ነክሮ የሚያድግ ሌላ ዛፍ አለ። ፈረንጆች ማንግሮቭ፥ ዐረቦች ሹራ ይሉታል።

ሕርጊጎ በጥንት ዘመን የናይቦቹ መቀመጫ፥ ኋላም ሳልሕ አሕመድ ኬኪያ ፓሻ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ስሟ የተጠራ አገር ናት። በ1975 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በደርግ ሠራዊት ተቃጥላ፥ ብዙ ሰዎቿ ተገድለው የቀሩት ተበተኑ። ጦርነቱ አልፎ ወደ ቀዬው የተመለሰው ሰው ፍርስራሽና ደረቅ ምድር ቈየው። በዚያ ጠረፍ የዓመቱ ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ፍየልና በግ ያለው ሰው የሚያበላው መኖ ከሌለው መንጋው ሀብት ሳይሆን ጭንቀት እንደሚሆንበት ለእረኛ መንገር አያሻም።

በዚህ ጊዜ ጎርደን ሳቶ የተባሉ ከጃፓናውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለዱ ሊቅ በአገሩ ነበሩ። ሙያቸው የሕያዋን ሴል ምርምር ሲሆን፥ የእንስሳትን ሴል ከአካል ውጭ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ለማሳደግ ምን ምን ምግብ እንደሚያስፈልገው በመመርመር በዓለም የታወቁ ናቸው። ወደ ኤርትራ አስቀድሞ የመጡት በ1980ዎቹ ዓመታት፥ ጦርነትና ረኃብ ባንድነት በወረዱበት ጊዜ ሲሆን፥ ሕዝቡ ዓሣ አርብቶ እንዲበላ ለመርዳት ነበር። ከነጻነት በኋላ ዓይናቸው ወደ ጠረፉ ዛፍ ዞረ።

ያዩትን ነገር እረኞቹ ከእርሳቸው በፊት ያውቁት ነበር። ግመል የማንግሮቭን ቅጠል ወድዶ ይበላል፤ ስለዚህ ዛፉ መኖ ነው። ነገር ግን ዛፉ የሚገኘው በጠረፉ ሁሉ ሳይሆን እዚህም እዚያም፥ በተለይም የክረምት ጎርፍ ከተራራው ወርዶ ወደ ባሕሩ በሚገባበት ስፍራ ነው። ብዙ ሰው ምክንያቱ ጣፋጩ ውሃ ይመስለዋል። ሳቶ ግን ጎርፉ ከደጋው ጠርጎ የሚያመጣው አፈርና ማዕድን ነው ብለው አሰቡ። የባሕር ውሃ ተክል ከሚሻው ነገር አብዛኛውን በውስጡ ይዟል፤ ለማንግሮቭ የሚያንሰው ናይትሮጂን፥ ፎስፎረስና ብረት ነው። (ደጋው በየዓመቱ የሚያጣውን አፈር ቈላው ሲበላው እንደሚኖር ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ለእርከን ሥራ ግድ የሌለው ገበሬ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።)

የመጀመሪያው ተከላ አልሰመረም። ከዚያ በኋላ የተገኘው ዘዴ ግን ማንም ሰው ሊሠራው የሚችል ነው። የፍሬው ልባስ በውሃ ተዘፍዝፎ ይላቀቃል። ችግኙ ባሕሩ ሲሞላ በሚሸፈን፥ ሲጎድል በሚገለጥ ጭቃ ላይ ይተከላል፤ ማዕበል ነቅሎ እንዳይወስደውም ከላይና ከታች በተከፈተ ቈርቈሮ ይጠበቃል። ግማሽ ኪሎ ያህል ዩሪያና ዳፕ የተባሉት ማዳበሪያዎች ተደባልቀው በላስቲክ ከረጢት ይታሰራሉ፤ ከረጢቱ በምስማር ጥቂት ቦታ ተበስቶ ከችግኙ አጠገብ ይቀበራል። ማዳበሪያው በዚያች ቀዳዳ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ባሕሩ በአንድ ጊዜ ጠርጎ አይወስደውም። ከዚያው ጋራ ቁራጭ ብረት ይቀበራል፤ የትም የተጣለ የዛገ ብረት ይበቃል።

የተከላውን ሥራ የያዙት አብዛኞቹ የአገሩ ሴቶች ናቸው። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ያለ መጽሐፍ ያውቃሉ፤ ውሃው ሲሸሽ ወርደው፥ ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ብለው ተክለው፥ ውሃው ሲመለስ ይወጣሉ። ለሥራቸው ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ በሕርጊጎ ጥቂት ነው። ከደመወዙ ይልቅ ግን ሊመዘን የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ዕርዳታ ሲጠብቅ ውሎ ሲያድር ጎረቤቱን በሰልፍ ላይ ብቻ ያየዋል። በአንድ ጭቃ ውስጥ አብሮ የሚተክል ሰው ግን ስለ ነገው ከጎረቤቱ ጋራ መነጋገር ይጀምራል፤ ችግኙ ዐጥር ያስፈልገዋልና፥ የማን ግመል ገባ፥ ማን ይጠብቅ የሚል ነገር ይነሣል። ከጥቂት ችግኝ የተጀመረው ተከላ በመቶ ሺህ ወደሚቈጠር ዛፍ ደረሰ፤ ባዶ የነበረው ዳርቻ አረንጓዴ ሆነ፤ በሥሩ መካከል ትንንሽ ዓሣና ሸርጣን ተጠለለ።

ሁሉም ያለ ጉድለት ሄደ ማለት አይደለም። ቅጠሉ ብቻውን ለበግ የተሟላ መኖ አይሆንም፤ የደረቀው ፍሬና የዓሣ ዱቄት ሲጨመርበት ነው እናቲቱ ግልገሏን የምታጠባ። ማዳበሪያው ወደ ባሕሩ ቢፈስ ዛጎሉንና ዓሣውን ይጎዳ ይሆን ብለው የሠጉ፥ ዛፉ ራሱ ባልበቀለበት ስፍራ መትከሉን ያልወደዱ የሳይንስ ሰዎችም ነበሩ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በሌላ ጠረፍ ይህን ሊሞክር የሚፈልግ ሹም አስቀድሞ ውሃውንና ጭቃውን ማስመርመር ይገባዋል።

ሳቶ ሥራውን «ማንዛናር» ብለው ሰየሙት። ቃሉ በስጳንያ ቋንቋ የፖም አትክልት ማለት ነው። በካሊፎርኒያ በረሓ በዚህ ስም የሚጠራ ስፍራ ነበር፤ በእርግጥም ፖም ይበቅልበት ነበር፥ በኋላ የሎስ አንጀለስ ከተማ ውሃውን ስትወስደው ደረቀ። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ከጃፓን ጋራ ጦርነት ላይ ሳለ፥ ወንጀል ያልሠሩትን ጃፓናውያን ተወላጆች ሰብስቦ በዚያ አጎራቸው፤ ከዐሥር ሺህ የሚበልጥ ሰው በሽቦ አጥር ውስጥ ተቀመጠ። ጎርደን ሳቶም ገና ጎረምሳ ሳሉ ከወላጆቻቸው ጋራ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። እስረኞቹ በዚያ ደረቅ መሬት ላይ አትክልት አበቀሉ። የመከራውን ስም ለሌላ ሕዝብ የልማት ሥራ መስጠታቸው ቂምን ወዴት እንደ ጣሉት ያሳያል።

ለዚህ ሥራ በ2002 የሮሌክስን፥ በ2005 ብሉ ፕላኔት የተባለውን የጃፓን ሽልማት ተቀበሉ። ከገዛ ገንዘባቸውም ያወጡበት ነበር። ዘዴው ወደ ሞሪታንያ ጠረፍም ተወስዷል። ፕሮፌሰር ሳቶ በ2017 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። የማንግሮቭ ፍሬ ገና ከእናቱ ዛፍ ላይ ሳለ ማብቀል ይጀምራል፤ ሲበስል ወደ ውሃው ይወድቅና ባሕሩ በሞላ ጊዜ ይዞት ይሄዳል፤ ጭቃ ባገኘበትም ሥር ይሰድዳል።