በስም ወይስ በሥራ?
ምህንድስና ለመማር ወደ ጀርመን ስለሚመጡ ጓዶች

በአገራችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው አብዛኛው ተማሪ ይመደባል እንጂ አይመርጥም። ቅጽ ይሞላል፣ ምርጫውን በተራ ያሰፍራል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የትምህርት ሚኒስቴር ነው። በዚህ ሥርዓት ያደገ ወጣት ጀርመን ሲደርስ በድንገት መራጭ ይሆናል። ልምዱ የለውምና የሚመራው ወይ በዩኒቨርሲቲው ስም ነው፣ ወይ ዘመድ ባለበት ከተማ። ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም፤ ዳሩ ግን ዋናውን ጥያቄ አይመልሱም። ዋናው ጥያቄ «የት ገባ?» ሳይሆን «ከየት ጨርሶ ይወጣል?» የሚለው ነው።

ይህን የምናነሳው ለወግ አይደለም። በብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች አንድን የግዴታ ፈተና መውሰድ የሚቻለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው የወደቀ ተማሪ ይሰናበታል፤ ያንኑ ትምህርት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ልቀጥል ቢልም በሩ በአብዛኛው ዝግ ነው። ይህ ለጀርመናዊው ተማሪ የሙያ ለውጥ ነው። በተማሪነት ፈቃድ ለሚኖረው ወገናችን ግን ፈቃዱ የቆመው በትምህርቱ ላይ ስለሆነ፣ የሒሳብ ፈተና የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ይሆናል። ወደ አገሩ መመለስ ለማይችለው ጓድ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነው።

፩. ስለ ገንዘብ

«ጀርመን ትምህርት በነፃ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ በየሴሜስተሩ የሚከፈል መዋጮ ብቻ አለ። ነገር ግን የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከ2017 እ.ኤ.አ. መጸው ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሜስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 መጸው ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ በሴሜስተር 2,000 ወይም 3,000 ዩሮ ይጠይቃል። ስለዚህ ሽቱትጋርት ወይም ካርልስሩሄ የሚገባ ጓድ አኸን ወይም በርሊን ቢሆን የማይጠየቀውን 9,000 ዩሮ በስድስት ሴሜስተር ይከፍላል ማለት ነው።

ከዚህ በፊት ደግሞ የቪዛው ደጃፍ አለ። ከመስከረም 2024 ጀምሮ አመልካቹ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992 ዩሮ፣ በተዘጋ ሒሳብ ማሳየት አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ይህ ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ጥገኝነት የተሰጠው ጓድ በበኩሉ «ባፎግ» የተባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ መጠየቅ ይችላል፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ወለድ የሌለው ብድር ነው።

፪. ስለ ጊዜ

የመጀመሪያው ዲግሪ በአብዛኛው 180 ነጥብ ሲሆን በስድስት ሴሜስተር ይከፈላል። በአንድ ሴሜስተር 30 ነጥብ፣ ለአንዱ ነጥብ እስከ 30 ሰዓት ሲታሰብ 900 ሰዓት ይሆናል፤ በዓመት 1,800። ይህም በሳምንት 40 ሰዓት ለ45 ሳምንታት መሥራት ነው። በዚህ ላይ 20 ሰዓት የምግብ ቤት ወይም የመጋዘን ሥራ ሲጨመር ሳምንቱ 60 ሰዓት ይሆናል። ከመጋቢት 2024 ወዲህ ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራትን ፈቅዷል። ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ግን ጉልበት አይችለውም።

ስለሆነም የቤት ኪራይ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ አንዱ ክፍል ነው። የሙኒክን ኪራይ ለመክፈል ሌሊት የሚሠራ ተማሪ፣ በኢልመናው ወይም በክላውስታል ተኝቶ ከሚያድረው ጋር እኩል አይፈተንም።

፫. ስለ ትምህርቱ ዓይነት

ጀርመን ውስጥ ሁለት ዓይነት ተቋም አለ። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ትልቅ አዳራሽ፣ ብዙ ሒሳብና ንድፈ ሐሳብ፣ ተማሪው በራሱ የሚቆምበት። ሁለተኛው «ፋኽሆኽሹለ» ይባላል፤ ክፍሉ አነስተኛ ነው፣ ወርክሾፑ ብዙ ነው፣ በብዙ ቦታም አንድ ሴሜስተር በፋብሪካ ይታለፋል። መምህራኑም ከማስተማራቸው በፊት በሙያው የሠሩ ናቸው። የሁለቱ የመጀመሪያ ዲግሪ በሕግ እኩል ነው፤ ወደ ማስተርስም ያሻግራል። የእኛ ሰው ግን «ዩኒቨርሲቲ» የሚል ስም ስለሌለው ብቻ ሁለተኛውን ይንቃል። ይህ ንዑስ ከበርቴያዊ የማዕረግ ፍቅር ነው። ለሰርግ ቤት ወሬ የሚመች ስም ሞተር አያስነሳም።

እንዲሁም የአገር ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት ብቻውን ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አያስገባምና፣ «ስቱዲየንኮሌግ» የተባለው የአንድ ዓመት መሰናዶ አለ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ቋንቋ ይሰጥበታል። ብዙዎች እንደ ባከነ ዓመት ያዩታል፤ በኛ አስተያየት ግን የሦስተኛውን ፈተና ውድቀት አስቀድሞ የሚከላከለው ይኸው ዓመት ነው።

፬. ስለ ተማሪው ኑሮ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴሜስተሮች አስቸጋሪ የሚያደርገው የአእምሮ ማነስ ሳይሆን ብቸኝነት ነው። በብዙ ኮርስ የስም ጥሪ የለም፤ ተማሪው ቢቀር የሚጠይቀው የለም፤ ውጤቱ በመጨረሻው ፈተና ይወሰናል። ጀርመናዊው ተማሪ «ፋኽሻፍት» ከተባለው የክፍሉ ተማሪዎች ማኅበር ዘንድ ሄዶ የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎችን ይወስዳል፣ በቡድን ሆኖ ይሠራል። ወገናችን ግን «አልገባኝም» ማለትን እንደ ነውር ስለሚቆጥር ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ይታገላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በተግባር የምንፈተነው ግን እዚህ ላይ ነው።

፭. ምን ይደረግ?

የዓባይ ግድብ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ገንዘቡን ሕዝባችን ከጉሮሮው ቀንሶ አዋጥቷል፤ የግንባታው ዋና ተቋራጭ ግን የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ተርባይኑን የሚጠግነው፣ መስመሩን እስከ ገጠሩ ጎጆ የሚዘረጋው ማነው? ጨርሶ የወጣ መሐንዲስ ነው። ያ መሐንዲስ ዛሬ አገሩ መግባት ባይችል እንኳ፣ ዕውቀቱን ይዞ የሚቆየው ከመንገድ ካልቀረ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለየቅርንጫፉ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየከተማው ያለውን የትምህርት ክፍያና ኪራይ የሚያሳይ ዝርዝር ተዘጋጅቶ በየዓመቱ ይታደስ። ሁለተኛ፣ ያለፉ ፈተናዎችና የትምህርት ማስታወሻዎች በቅርንጫፉ ይሰብሰቡ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ መጪ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴሜስተሮች አንድ ነባር ጓድ ይመደብለት። ሦስቱም በጀት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ጊዜያችንን ነው።

ዕውቀት ለሰፊው ሕዝብ!