ሲሶ አዋጥቶ ርቦ የሚወስድ ቁማርተኛ

የካርታ ጨዋታ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው፣ የበለጠ ካርታ የያዘው መሐል የተከማቸውን ገንዘብ ጠርጎ ይወስዳል፤ እንግዲያው ጥሩ ካርታ የደረሰው ሁሉ ደፍሮ ይጨምር፣ እያለ ነው። በኔብራስካ ከተማ ስም «ኦማሃ» የሚባለውና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በላስ ቬጋስ ቁማር ቤቶች የተለመደው የፖከር ዓይነት ግን፣ ገንዘቡ ለሁለት እየተከፈለ ሲጫወቱት፣ ይህን አሳብ ያፈርሰዋል። በዚህ ጨዋታ ማንም ሊበልጠው የማይችል ካርታ ይዞ፣ በጨመሩ ቍጥር መክሰር ይቻላል። እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን። (ቁማር ይስፋፋ የምንል አለመሆናችን ይታወቅልን፤ በክብሪት እንጨት ቢጫወቱትም ሒሳቡ ያው ነው።)

አስቀድሞ ደንቡን እንናገር። ለእያንዳንዱ ተጫዋች እርሱ ብቻ የሚያያቸው 4 ካርታዎች ይታደሉታል፤ በገበታው ላይ ደግሞ ለሁሉ የጋራ የሆኑ 5 ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ 3 ባንድነት፣ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። በየመካከሉ ገንዘብ ይያዛል። ተጫዋቹ ከእጁ ሁለት፣ ከገበታው ሦስት ወስዶ አምስት ማድረግ አለበት፤ ከዚህ መጨመርም ማጕደልም የለም። አንዱ እኩሌታ በፖከር ደንብ ትልቁን ለያዘ፣ ሌላው እኩሌታ ትንሹን ለያዘ ይሰጣል። ትንሽ የሚባለው አምስቱም የተለያዩና ከ8 የማይበልጡ ሲሆኑ ነው፤ አስ እዚህ ላይ እንደ 1 ይቈጠራል። እንዲህ ያለ ካልተገኘ ትልቁን የያዘው ሁሉን ይወስዳል። አንድ ሰው ለላዩ ሁለት ካርታ፣ ለታቹ ሌላ ሁለት ካርታ ከእጁ ሊመርጥ ስለሚፈቀድለት፣ ሁለቱንም እኩሌታ ለብቻው ሊጠቀልል ይችላል። የጨዋታው ቁም ነገር ያለውም እዚሁ ላይ ነው።

አሁን አንድ ሰው አስ፣ 2፣ 9 እና ንጉሥ ይዟል እንበል። በገበታው ላይ 4፣ 7፣ 8 እና ሁለት ንግሥቶች ወጥተዋል። የዚህ ሰው ትንሽ 8-7-4-2-አስ ነው፤ በዚህ ገበታ ከዚህ የሚያንስ ከቶ አይገኝም። በላይ በኩል ግን ከገበታው ንግሥቶች በቀር የሚመካበት የለውም። ሰውየው ደስ ብሎት ይጨምራል። በጨዋታው የቀሩት ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ዶላር ቢያዋጡ 300 ይሆናል። የታቹን ብቻውን ከወሰደ 150 ይደርሰዋልና 50 አተረፈ። ነገር ግን ከሁለቱ አንደኛው ደግሞ አስና 2 ይዞ እንደ ሆነስ? 150ው ለሁለት ይከፈልና ለየራሳቸው 75 ይደርሳቸዋል። ሲሶ አዋጥቶ ርቦ ወሰደ ማለት ነው፤ 25 ከሰረ፤ ያውም በማይበለጥ ካርታ! የቀሩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ የታቹን ብቻውን ቢወስድ ያዋጣው 100 ይመለስለታል እንጂ ትርፍ የለውም፤ ቢካፈል ግን 50 ይጠፋበታል። ከአራት ሰው ጋራ ርቦ አዋጥቶ ርቦ ስለሚወስድ አይከስርም፤ ብቻውን ከሆነማ ያዋጣውን እጥፍ ይወስዳል። እንግዲህ በታቹ ብቻ የሚመካ ሰው ደፍሮ ሊጨምር የሚገባው ብዙ ሰው ሲከተለው ነው፤ ጥቂት ሲቀሩ ግን የተጠየቀውን ብቻ ከፍሎ ዝም ይበል።

«ሌላው ሰው አስና 2 የሚይዘው ስንት ጊዜ ነው?» የሚል ይኖራል። ከላይ ባልነው ገበታ ሰውየው ያላያቸው 43 ካርታዎች ናቸው። ከእነዚህ አራት አራቱን መምረጥ በ123,410 መንገድ ይቻላል፤ አስና 2 ባንድነት የሚገኙት በ6,675ቱ ብቻ ነው፤ ከመቶ 5 ገደማ። (እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነን፤ የሒሳብ ክፍል ወዳጆቻችን ይመርምሩልን።) ይህ ግን በጭፍን ለታደለ ሰው የሚሆን ቍጥር ነው። እስከ መጨረሻው የሚቈየው ሰው በጭፍን አይቈይም፤ አስና 2 የያዘ አይጥልም፤ የማይረባ የያዘ አስቀድሞ ጥሏል። ስለዚህ በሦስት ሰው መካከል ሲጨመርበት ደጋግሞ የሚጨምር ባላጋራ ሲታይ 5 ከመቶ ማለት ራስን ማታለል ነው።

ያለ ፍርሃት መጨመር የሚገባውስ መቼ ነው? አንዱን እኩሌታ አስይዞ ለሁለተኛው ተስፋ ሲኖር ነው። ሰውየው የቀይ ልብ አስና የቀይ ልብ 2 ይዟል፤ በገበታው የቀይ ልብ 4፣ የቀይ ልብ 7፣ ሌላ ምልክት ያላቸው 8 እና ንግሥት አሉ፤ አንድ ካርታ ይቀራል። ባላጋራው አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ንግሥቶች አሉት፤ ለታች የሚሆን የለውም። 100 ቢጨምሩና ቀይ ልብ ባይመጣ፣ ሰውየው በታቹ 100ውን መልሶ ይወስዳል፤ አልተጐዳም። ገበታውን ጥንድ የማያደርግ ቀይ ልብ ቢመጣ 200ውን ይጠቀልላል። አንዱ ሊከስር እንጂ ሊያተርፍ አይችልም፤ ሌላው ሊያተርፍ እንጂ ሊከስር አይችልም። እዚህ ላይ አለመጨመር ጨዋነት ሳይሆን ስንፍና ነው።

ትልቁን ብቻ የያዘስ? እርሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ካርታዎች ይመልከት። ሦስት ንግሥቶች ኖረውት ገበታው ንግሥት፣ ጃክና 5 ቢሆን፣ አስ፣ 2 እና ሁለት ትልልቅ ካርታ የያዘ ባላጋራ ትንሽ የሚሞላለት ከመቶ 16 ጊዜ ገደማ ነው፤ እዚያው አጥብቆ ይጨምርበት፤ ያ ሰው ወይ ይጣል፣ ወይ ተስፋውን በውድ ይግዛ። ገበታው ንግሥት፣ 7 እና 4 ቢሆን ግን ከመቶ 59 ጊዜ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ሰውየው የሚጫወተው ብዙውን ጊዜ ለእኩሌታ መሆኑን ይወቅ።

ስለ አስና 2 አንድ ነገር ቀርቶናል። ሦስተኛ ትንሽ ካርታ ካላጀባቸው የሚታመኑ አይደሉም። ገበታው 4፣ 7፣ 8 ሆኖ ሳለ ሌላ 2 ቢወጣ፣ አስና 3 የያዘ ሰው 7-4-3-2-አስ ሠርቶ የትናንቱን ጌታ ይቀድመዋል። አስ፣ 2 እና 3 የያዘ ግን ያን 2 ከገበታው ተቀብሎ በ3ቱ ይተካዋል። በአንጻሩ 6፣ 7፣ 8፣ 9 የያዘ ሰው፣ ቁመናቸው ቢያምርም፣ ተርታ የሚሠሩለት አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ካርታዎች በገበታው ሲበዙ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኩሌታውን የሚወስድ ሌላ ሰው ከወዲያ ማዶ ተቀምጧል።