በመኖሪያ ቤት የሚካሄድ ንግድ (ኢትዮጵያ)

በመኖሪያ ቤት የሚካሄድ ንግድ አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ በሚኖርበት ቤት ወይም ግቢ ውስጥ ለገበያ የሚሠራው ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ጠላ ጠምቆ መሸጥ፣ አረቄ ማውጣት፣ እንጀራ መጋገር፣ ሽመና፣ ልብስ ስፌት፣ የፀጉር ሥራና ትንሽ ሱቅ በብዛት ይታወቃሉ። ጉዳዩ የሚገዛው በአንድ ሕግ ሳይሆን በከተማ ፕላን፣ በመሬት፣ በሕንፃ፣ በንግድ ፈቃድና በፍትሐ ብሔር ሕጎች በአንድነት ነው።

ታሪክ

ብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የተመሠረቱት በሳምንታዊ ገበያ ዙሪያ ነው። በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አርብ ገበያ ስሟ ራሱ የገበያውን ቀን ይናገራል። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ገበያተኛው የሚያርፈው ጠላ በሚሸጥበት መኖሪያ ቤት ነው፤ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳም የጠላ ቤት ምልክት ሆኖ ያገለግላል።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በእጁ ሥራ የሚተዳደረውን ባለሙያ ከነጋዴ ለይቶ ይመለከት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ብዙ ሰዎች የቀበሌ ቤት ተከራዮች ሆኑ።

የመሬትና የቤት አጠቃቀም

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል፤ እነርሱም መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ናቸው። የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፣ ለንግድ ወይም ለቅይጥ አገልግሎት እንደሚውል የሚታየው በእነዚህ ነው። አዋጁ ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመባቸውን ከተሞች ስለሚያካትት ትልልቅ ከተሞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቦታ ሊዝ እስከ 99 ዓመት ይደርሳል፤ የንግድ ቦታ ዘመን ከዚህ ያነሰ ነው። ቦታውን ከተፈቀደለት አገልግሎት ውጭ ለማዋል ባለይዞታው አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕንፃን አገልግሎት መለወጥን ከግንባታ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሳሎኑን ወደ ሱቅ የሚለውጥ ሰው ግድግዳ ባያፈርስም ጉዳዩ ከሕንፃ ፈቃድ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

የንግድ ፈቃድ

በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ሥራ ያለ ጸና የንግድ ፈቃድ አይካሄድም። ፈቃዱ የሚሰጠው በሥራ መደብና በአድራሻ ነው። ምግብን ለመሳሰሉ አንዳንድ የሥራ መደቦች የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል። የንግድ ፈቃድ ማግኘት ግን የቤቱን አገልግሎት ከመለወጥ ፈቃድ የተለየ ነው።

የጎረቤት መብት

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። የአረቄ ማውጫ ምድጃ ወይም የብየዳ ሥራ ፈቃድ ቢኖረውም ጎረቤት በዚህ ድንጋጌ ሊከራከር ይችላል።

የሚያከራክሩ ነጥቦች

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ማንኛውም ዜጋ በአገሪቱ ውስጥ በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራትና መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት ይሰጠዋል። ልጅ እያሳደገች እንጀራ ለምትሸጥ ሴት ሱቅ የመከራየት ግዴታ ሥራውን ራሱን ሊያሳጣት ይችላል። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ደግሞ በንግዱ ስም ብድር ለመጠየቅና በጨረታ ለመወዳደር ይቸገራል። በሌላ በኩል ተጠጋግተው በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚነድ እሳትና የሚፈስ ቆሻሻ ውሃ ለሰፈሩ ሁሉ አደጋ ነው።

በሌሎች አገሮች

የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 የዞን ደንብ ካወጣች በኋላ መኖሪያን ከንግድ የመለየት አሠራር በአሜሪካ ተስፋፋ። ዛሬ በዚያ አገር ብዙ ከተሞች የቤት ውስጥ ሥራን አይከለክሉም፤ ይልቁንም ሥራው የሚይዘውን የቤት ስፋት፣ የሠራተኛውን ቁጥር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውንና የደንበኛውን መመላለስ ይወስናሉ።