ከሰው ቤት ሥራ ወደ መንግሥት ቢሮ፦ ዲፕሎማ ልትገዢ ካሰብሽ መጀመሪያ ይህን አንብቢ

«እህቴ፣ አገር ብገባ የመንግሥት ሥራ አገኛለሁ ወይስ ጊዜዬ አልፏል?»

ይህን የድምፅ መልእክት የላከችልኝ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት የሠራች ልጅ ናት። ዕድሜዋ 33 ነው፤ ከ10ኛ ክፍል በኋላ አልተማረችም። መልእክቷ ሲቀጥል ዋናው ጉዳይ ወጣ። የአክስቷ ልጅ «የደረጃ 4 ዲፕሎማ በገንዘብ ይወጣልሻል፤ ብሩን ላኪልኝና ወረዳ አስገባሻለሁ» ብሏታል። የሁለት ወር ደመወዟን ልትልክለት ስትል ነው እኔን የጠየቀችኝ።

አንቺም ተመሳሳይ ነገር ተብለሽ ይሆናል። ስለዚህ ለእሷ የመለስኩትን ለአንቺም ልንገርሽ።

ብሩን አትላኪ። መሥሪያ ቤት ስትቀጠሪ የምታቀርቢው ማስረጃ ወጣ ወደተባለበት ተቋም ተልኮ ሊጣራ ይችላል። በሐሰተኛ ማስረጃ የተገኘ ቅጥር ይሰረዛል፤ ከዚያም አልፎ ወንጀል ነው። ባለፉት ዓመታት የሠራተኞች ማስረጃ ሲጣራ ከሥራ የተባረሩም የተከሰሱም አሉ። አስገባሻለሁ ያለሽ ሰው ያን ቀን አጠገብሽ አይቆምም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ በግልጽ እንነጋገር፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የመንግሥት ሥራን የምናስበው እናታችን ታስብ በነበረበት መንገድ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚጀምር ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር። እዚህ 1,000 ሪያል ወይም ድርሃም የምትቀበይ ከሆነ በባንክ መንዝረሽ አስተያዪው፤ ትስቂያለሽ። ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ አስተምሮ በዚህ መኖር ከባድ መሆኑን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዘመድሽን ብትጠይቂ ይነግርሻል።

ታዲያ ለምን ይፈለጋል? በ2010 ዓ.ም. የወጣውን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ን አንድ ቀን ሥራ ስጨርስ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የሳምንት ሥራ ከ39 ሰዓት አይበልጥም ይላል። የወሊድ ፈቃድ በድምሩ 120 ቀን፣ የዓመት ፈቃድ በ20 የሥራ ቀን ይጀምርና ከአገልግሎት ጋር እየጨመረ እስከ 30 ይደርሳል። 39 ሰዓት! አንዳንዶቻችሁ ያን ያህል በሦስት ቀን ትጨርሱታላችሁ። (አዋጁ ከዚያ ወዲህ በአዲስ ተተክቷል፤ የክልል መሥሪያ ቤቶችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ ዝርዝሩን የምትገቢበት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ጠይቂ።)

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጡረታ ነው። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። በ60 ዓመትሽ ስትወጪ ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገልሽ እስከ ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበል ይኖርሻል። እዚህ ለሠራሽው ዘጠኝ ዓመት ይህን የሚሰጥሽ የለም። ሒሳቡን አስቢው፤ በ33 ዓመቷ የገባች 27 ዓመት አላት። በ50 ዓመቷ የገባች ልክ 10። ከ50 ካለፈ ግን የጡረታው በር በጣም ይጠብባል።

እዚህ ላይ ማንም የማያነሳው ችግር አለ፤ የፓስፖርት ዕድሜ። ደላላ ዕድሜ ጨምሮ ያስወጣላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ያቺ ልጅ ራሷ በፓስፖርቷ የ38 ዓመት ሴት ናት፤ አምስት ዓመት ተጨምሮባታል። የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ስትቀጠሪ በተመዘገበው የልደት ቀን ነው። የተሳሳተውን ካስመዘገብሽ አምስት የሥራ ዓመት በገዛ እጅሽ ጣልሽ ማለት ነው። ስምም እንደዚያው ነው። የትምህርት ማስረጃሽ ላይ የአያትሽ ስም በአንድ መንገድ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ መንገድ ከተጻፈ ገና በምዝገባው ቀን «ይህ ያንቺ ነው?» ትባያለሽ።

ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት፣ እዚሁ ሆነሽ፣ ቤተሰብሽን የትምህርት ማስረጃሽን ፈልጉልኝ በያቸው። ዋናውን ያስቀምጡት፣ ፎቶውን ይላኩልሽ። የፋይዳ መታወቂያ ካላወጣሽ በየትኛው ሰነድ እንደምትመዘገቢ አስቀድመሽ አስቢ። የተምታታውን ማስተካከል ፍርድ ቤት ድረስ ሊወስድ ስለሚችል ጊዜ ይፈልጋል። የሥራ ማስታወቂያ ደግሞ ክፍት የሚሆነው ለጥቂት የሥራ ቀናት ብቻ ነው።

ምን ሥራ? የሚለው ቀጣዩ ጥያቄዋ ነበር። ብዙዎች ጽዳትና ተላላኪ ብቻ ይመስላቸዋል። ግን አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ያው አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዟል፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶችም ተከፍቷል። እዚያ ሕፃን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ መንታ አሳድገሽ፣ ሕፃን ትኩሳት ሲይዘው ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ አድረሽ ታውቂያለሽ። ችግሩ ይህን የሚመሰክር ወረቀት የለሽም። የማዳምሽ ደብዳቤ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርልሽም፤ ማስታወቂያዎች ከመንግሥት ውጭ የተገኘ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት ይሁን ይላሉና።

ወረቀቱ የሚገኘው በሲኦሲ ነው፣ በብቃት ምዘና። የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት የሚለካው የት እንደተማርሽ ሳይሆን መሥራት መቻልሽን ነው። በልምድ የተማረ ሰውም ተመዝግቦ መፈተን ይችላል፤ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው። በሕፃናት እንክብካቤ፣ በምግብ ዝግጅት፣ በቤት አያያዝ የምትፈተኚው ዘጠኝ ዓመት የሠራሽውን ነው። የምትወድቂ ከሆነ በተግባሩ አይመስለኝም፤ በጽሑፉ ነው። ስለዚህ አማርኛ ማንበብና መጻፍሽን ከአሁኑ አድሺ። ሌሊት ቲክቶክ ላይ ከምታጠፊው ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

«አረብኛ እችላለሁ፣ አይጠቅመኝም?» ትይኛለሽ። ይጠቅምሻል፣ ግን ተጠንቀቂ። «ሩሂ፣ ጂቢ፣ ነዲፊ» የትእዛዝ አረብኛ ነው፤ ቢሮ የሚፈልገው የሚነበበውንና የሚጻፈውን ነው። ፊደሉ 28 ነው። የእኛን ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ ቀልድ ነው። የዕቃ ማሸጊያና የመድኃኒት ብልቃጥ እያነበብሽ ጀምሪ።

እኔ አረብኛ ተምሬ በዲግሪ ተመርቄያለሁ። ከምርቃት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት የአስተርጓሚ ክፍት ቦታ አውጥቶ ተመዘገብኩ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የትምህርት ዘርፍ ስምና ዲግሪዬ ላይ ያለው ስም በአንድ ቃል ይለያያል። በዚያች ቃል ተጣልኩ። ቅሬታ ማቅረብ እንደምችል አላወቅሁም፤ አልቅሼ ወደ ቤቴ ገባሁ፣ ከዚያ ወደዚህ መጣሁ። ዛሬ ቢሆን ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቼ መልሱንም በጽሑፍ እጠይቅ ነበር። አንቺም «አይሆንም» ስትባዪ በየትኛው መስፈርት እንደሆነ ጠይቂ። ሌላም መብት አለሽ፦ ውጤቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ለሴት ቅድሚያ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል።

ከገባሽ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሙከራ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሥራ አፈጻጸምሽ በየጊዜው እየተሞላ ማኅደርሽ ውስጥ ይቀመጣል። ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ለደረጃ ዕድገት ስትወዳደሪ የሚታየው እሱ ነው። የውስጥ ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በማታ ወይም በርቀት የሚማሩት ናቸው ከሕፃናት ማቆያ ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ባለሙያነት የሚወጡት። ከመማርሽ በፊት ግን የትኛው ዘርፍ በመሥሪያ ቤትሽ የሥራ መደብ እንዳለው አጣሪ፤ የእኔ ነገር እንዳይደርስብሽ። ደግሞ አንዴ ከገቡ እስከ ጡረታ ነው የሚባለው ነገር እየቀረ ነው። አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ሠራተኞቹን ሲፈትን ብዙዎች ማለፊያ ነጥብ ሳያመጡ ቀርተዋል።

ያቺ ልጅ ብሩን አልላከችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ፎቶ ላከችልኝ፦ እናቷ ከሣጥን ያወጡት የ2001 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ውጤት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ አንዱን ጥግ አይጥ የበላው። ስሟና ውጤቷ ይነበባል። የአያቷ ስም ግን ፓስፖርቷ ላይ ካለው ይለያል። በሚቀጥለው ዓርብ እረፍቷ ነው፤ የቱ ከልደት ሰነዷ ጋር እንደሚስማማ ተደውሎ ወንድሟ ይጠየቃል።