የአባቴ ራዲዮና የእኔ ሞባይል፦ የሕዝብ ሚዲያ ወዴት?

ጽሑፌን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የአባቴ ነው። በክረምቱ ዕረፍት ቤተሰብ ልጠይቅ አገር ቤት ሄጄ ሳለ አንድ ማታ አባቴ እንደ ልማዳቸው ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ዜና ያዳምጣሉ። እኔ ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጬ በሞባይሌ ቴሌግራም እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ትንሽ አዩኝና "አንተ ልጅ፣ የጋዜጠኛ ትምህርት እማራለሁ ትላለህ፤ ራዲዮ ስትሰማ ግን አይቼህ አላውቅም። ለመሆኑ ተምረህ እስክትጨርስ ይሄ ነገር ይቆያል?" አሉኝ። ሳቅኩ እንጂ መልስ አልነበረኝም። ካምፓስ ከተመለስኩ በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ስለዚህ የሕዝብ ሚዲያ ምን እንደሆነ፣ የዲጂታሉ ዘመን ምን እንዳመጣበትና ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ የገባኝን ያህል ላስረዳ።

የሕዝብ ሚዲያ ሲባል

ብዙዎቻችን የሕዝብ ሚዲያና የመንግሥት ሚዲያ አንድ ይመስሉናል። አንደኛ ዓመት እያለሁ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የመንግሥት ሚዲያ አለቃው መንግሥት ነው፤ የንግድ ሚዲያ የሚኖረው በማስታወቂያና በትርፍ ነው። የሕዝብ ሚዲያ ገንዘቡ ከሕዝብ ይመጣል፤ ገንዘቡን የሚመድበው አካል ግን ዜናውን እንዲያዝ አይፈቀድለትም። ሥራውም ለሁሉም መድረስ ነው፤ ለከተሜውም ለገጠሬውም፣ ብዙ ተናጋሪ ላለው ቋንቋም ጥቂት ተናጋሪ ላለውም። ሁልጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው ቢቢሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በኩባንያነት ተቋቁሞ በ1927 በንጉሣዊ ቻርተር ኮርፖሬሽን ሆነ። ማሳወቅ፣ ማስተማርና ማዝናናት የሚሉት ሦስት ተግባራትም ከመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ከጆን ሪዝ ስም ጋር አብረው ይነሳሉ።

ዲጂታሉ ምን አመጣ?

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮችን ቀይሯል።

አንደኛ፣ ሰዓቱን። ድሮ የማታው ዜና ካመለጠህ አመለጠህ ነው። ዛሬ ሰው በፈለገው ሰዓት ይከፍታል። ቢቢሲም ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2007 አይፕሌየር የተባለውን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን። በእንግሊዝ የሚከፈለው የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር። ታዲያ ቴሌቪዥን የሌለው፣ ሁሉን ነገር በላፕቶፕ የሚያይ ወጣት ምን ሊባል ነው? ያለፈ ፕሮግራም በአይፕሌየር ያለ ክፍያ ማየት ይቻል ነበር፤ ይህ ቀዳዳ የተዘጋው በ2016 ነው። ኔትፍሊክስን ብቻ የሚያይ ሰው ግን ዛሬም ለቢቢሲ የመክፈል ግዴታ የለበትም።

ሦስተኛ፣ መራጩን። ይሄኛው ነው ከሁሉም የሚያሳስበኝ። ራዲዮ ላይ ምን እንደሚቀርብ የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ስልክ ላይ አልጎሪዝም ነው፤ ትናንት የወደድኩትን ቆጥሮ ዛሬም እሱኑ ያመጣልኛል። የእኔ ሞባይል ኳስ እንደምወድ ያውቃል፤ የተጫዋቾች ዝውውር ያዘንብብኛል። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። የአባቴ ራዲዮ ግን ኳሱንም ማዳበሪያውንም ያሰማል፤ ደግሞ የዳታ ካርድ አይጠይቅም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 በመሣሪያ የሚከፈለውን ክፍያ አስቀርታ እንደ ገቢው መጠን በሚከፈል ግብር ተካችው፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው አይከፍልም። ጀርመን በዚያው ዓመት ክፍያውን በየቤቱ አደረገችው። ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ኖረ አልኖረ ያው ነው። የገንዘቡን መጠን መርምሮ ሐሳብ የሚያቀርበው ራሱን የቻለ ኮሚሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ወርሃዊው ክፍያ ከ17.50 ወደ 18.36 ዩሮ ከፍ እንዲል ሲታሰብ አንድ ክፍለ ግዛት፣ ዛክሰን አንሃልት፣ ሳያጸድቅ ቀረ። ጉዳዩ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደረሰና ፍርድ ቤቱ ይህ የብሮድካስት ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ለ86 ሳንቲም ይህ ሁሉ? እንል ይሆናል። ነገሩ ግን የሳንቲሙ አይደለም። ገንዘቡን የያዘ ፖለቲከኛ ባልወደደው ዜና ምክንያት ቧንቧውን እንዳይዘጋ ነው።

ቧንቧው ሲዘጋም ታይቷል። የግሪክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ወጪ ለመቀነስ በሚል ኢአርቲ የተባለውን የሕዝብ ጣቢያ በአንድ ምሽት ዘጋው። ሠራተኞቹ ግን ከሕንጻው አንወጣም ብለው ሥርጭቱን በኢንተርኔት ቀጠሉ። ጣቢያው በ2015 እንደገና ተከፈተ። በአሜሪካ ደግሞ ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሕዝብ ራዲዮና ቴሌቪዥን መድቦት የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደው። ይህ የሚከብደው በትልልቅ ከተማ ጣቢያዎች ላይ ሳይሆን ሌላ ገቢ በሌላቸው የገጠር ጣቢያዎች ላይ ነው። በአንጻሩ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 "ክፍያው ይቅር ወይ?" ብላ ሕዝቧን በድምፅ ስትጠይቅ 71.6 በመቶው አይቅር አለ።

ወደ እኛ ስንመጣ

በአገራችን ራዲዮ የተጀመረው በ1928፣ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስለ ሕዝብ ብሮድካስት አገልግሎት ይደነግጋል፤ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስሙ በአዋጅ መጻፉ ጥሩ ነው። ነገር ግን እኔ ራሴን የጠየቅኩት እንዲህ ብዬ ነው፦ እንደ ስዊዞቹ ድምፅ ስጡ ብንባል ስንቶቻችን "ይሄ የእኔ ነው፣ አይዘጋም" እንላለን? ሰው የሚከራከረው የእኔ ነው ለሚለው ነገር ነው። አፕሊኬሽን መሥራት፣ ዩቲዩብ ላይ መጫን፣ ቴሌግራም ቻናል መክፈት ከባድ አይደለም፤ ሁሉም ጣቢያ እያደረገው ነው። ከባዱ አድማጩ ስለ ራሱ ቀበሌ ችግር ሲነገር መስማቱና የተነገረውን ማመኑ ነው። ያ ከሌለ ዲጂታል መሆን የማይታመነውን ወሬ በፍጥነት ከማድረስ ያለፈ ጥቅም የለውም።

እንግዲህ ለአባቴ የምመልሰው ይህን ነው። አባባ፣ ራዲዮኑ እንኳ ሊቀር ይችላል፤ ምናልባት እርስዎም አንድ ቀን በስልክ ይሰሙ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ ስልክ ውስጥ ለእርስዎ ብሎ የሚሠራ ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው ከእኛ ክፍል ሊወጣ ይችላል። እኛ ግን በየመመገቢያ አዳራሹ የምናወራው ስንት ተከታይ እንዳለን ነው፤ ማን ሳይሰማ እንደቀረ አናወራም። መምህራኖቻችንና የክፍል ጓደኞቼ የተለየ ሐሳብ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንወያይበት።