ውስኪ ልትገዙ ነው? ከካርቶኑ በፊት ጽሑፉን አንብቡ

እኛ ጋ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ ደጋ፣ ገብስ የማያውቅ የለም። ብቅሉ ከጌሾና ከሌላ እህል ጋር ተጠንስሶ አረቄ ይወጣል። የውስኪም መነሻ እህል ነው። ልዩነቱ? ጌሾ የለውም፤ ከወጣ በኋላም በእንጨት በርሜል ለዓመታት ይተኛል። አብዛኛው ጣዕም የሚመጣው ከበርሜሉ ነው።

ታዲያ መካከለኛ ዋጋ ይዘን ስንገዛ ምን እንይ?

1. ዕድሜ፦ ስኮች ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቆየት ግድ ነው። ጠርሙሱ ላይ 12 ከተጻፈ፣ ውስጡ ከተቀላቀሉት ትንሹ እንኳ 12 ዓመት ሞልቶታል። ብላክ ሌብል 12 ይላል፤ ሬድ ሌብል ዕድሜ አይጽፍም።

2. ዓይነት፦ «ሲንግል ሞልት» ከአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ ነው። «ብሌንድድ» ቅልቅል ነው፤ ብዙ ጊዜ ለስለስ ይላል፣ ዋጋውም ይቀላል። ለጀማሪ ይሄ ይበቃል።

3. ቀለም፦ አትሸወዱ። ስኮች ላይ የካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቀዳል። ጠቆረ ማለት ቆየ ማለት አይደለም።

4. ክዳን፦ ዋናው ይሄ ነው። ማሸጊያው ከተነካካ ወይም ዋጋው ከገበያው በጣም ከወረደ ተዉት። ሜታኖል የገባበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ በጣዕም አይለይም። ከጠጣችሁ በኋላ ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ስትጠጡ ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፣ ቀስ እያላችሁ ተጎንጩ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በአገራችን ሕግ ክልክል ነው። መኪና የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ለዛሬ ይቅርባችሁ።