የገብስ ሆድ ዕቃ

ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የተጓዘ ሰው ገብስን ሳያይ አያልፍም። ወደ ስሜን ተራሮች ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ጤፍ ይቀራል፤ ገብስ ግን ብርዱን ችሎ ይከተላል። ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎውና ጠላው ከእሱ ይወጣል። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ የዚህን እህል ሆድ ዕቃ፣ ስታርችን ነው።

ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፕላስቲክ ፖሊመር ነው፤ ሱፍና ጥጥም እንዲሁ። በስታርች ውስጥ የሚቀጣጠለው ግሉኮስ የተባለው ስኳር ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ሁለት ዓይነት ነው። አሚሎስ እምብዛም ቅርንጫፍ የለውም፤ አሚሎፔክቲን በቅርንጫፍ የተሞላ ነው። በተለመደው ገብስ ከስታርቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ አሚሎፔክቲን ነው።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰንሰለቱን የሚቀጥሉት፣ ቅርንጫፍ የሚያወጡለትና ያለ ቦታው የበቀለውን የሚከረክሙት የተክሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ቅርንጫፎቹ ግን በአብዛኛው ራሳቸው ይደረደራሉ። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጎነጎናሉ፤ ጉንጉኖቹ ተጠጋግተው ጠጣር ንጣፍ ይሆናሉ። ቅርንጫፎቹ በብዛት የሚነሡበት ቦታ ደግሞ ልል ንጣፍ ሆኖ ይቀራል። ጠጣር፣ ልል፣ ጠጣር፣ ልል እያለ ይቀጥላል፤ የአንዱ ጥንድ ውፍረት 9 ናኖሜትር ገደማ ነው። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህች 9 ናኖሜትር በገብስም፣ በበቆሎም፣ በድንችም ብዙ አትለዋወጥም። ንጣፉ እየተደራረበ በመጨረሻ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቅንጣት ይወጣዋል። በገብስ ውስጥ ትልልቆቹ ቅንጣቶች ክብና ጠፍጣፋ ሆነው ከ10 እስከ 30 ማይክሮሜትር ይሰፋሉ፤ በመሐላቸው የሚሰገሰጉት ትንንሾቹ ድቡልቡል ናቸው።

ገንፎ የምታገነፋ እናት ይህን ሁሉ ታፈርሰዋለች። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የባቄላ ንፍሮ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ገብስ ግን አይቸገርም፤ ስታርቹ ውኃ እስካገኘ ድረስ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ጉንጉኑን መፍታት ይጀምራል። ቅንጣቱ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፣ አሚሎሱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ማማሰያው ይከብዳል። እጅ የሚያዝለው ያ ክብደት በውኃው ውስጥ የተዘረጉት ሰንሰለቶች እርስ በርስ መጠላለፍ ነው።

ቅቤና በርበሬ ከተጨመረበት ገንፎ የተረፈው በስሜን ብርድ ሲያድር ይደድራል። ብዙ ሰው ውኃው ስለጠፋ ይመስለዋል። ከድነው ቢያሳድሩትም ግን ይደድራል፤ የተፈቱት ሰንሰለቶች እንደገና እየተጎነጎኑ ነውና። ብርድ ደግሞ ያፋጥናቸዋል። የቀድሞውን ቅንጣት ግን አይመልሱትም፤ እንደነገሩ ይያያዛሉ እንጂ። ሲሞቅ የአሚሎፔክቲኑ ጉንጉን ይፈታል፣ የአሚሎሱ ግን አጥብቆ ስለያዘ በድስት ሙቀት አይበገርም። የተሞቀ ገንፎ እንደ ትኩሱ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሰንሰለትን በራሱ አስደርድሮ የሚፈልጉትን ቅርጽ ማግኘት የኬሚስቶችም ምኞት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የብሪስቶሉ ኢያን ማነርስና የቶሮንቶው ሚቼል ዊኒክ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥሩ መንገድ አሳዩ። ሁለት ዓይነት ፖሊመር ጫፍ ለጫፍ አያያዙ፤ አንደኛው ክሪስታል መሆን የሚወድ፣ ሌላኛው በፈሳሹ ውስጥ መሟሟት የሚወድ። ይህ ሰንሰለት በፈሳሽ ውስጥ ተደርድሮ ቀጭን ዘንግ ይሆናል። ዘንጎቹን በድምፅ ሞገድ ሰባብረው እንደ ዘር ያዙና አዲስ ፖሊመር ጨመሩበት። አዲሱ በየዘሩ ሁለት ጫፍ እየተለጠፈ አደገ፤ ዘንጎቹም ርዝመታቸው እኩል ለማለት የሚያስደፍር ሆነ። ብዙ ከጨመሩ ይረዝማል፣ ጥቂት ከጨመሩ ያጥራል። ቆይቶም በዚሁ መንገድ አራት ማዕዘን ንጣፍ ተሠራ። መድኃኒት ተሸካሚ ይሆናሉ ተብሎ ተስፋ ቢጣልባቸውም ዋና ቦታቸው እስካሁን ቤተ ሙከራ ነው።

እኔ ብጠየቅ ብልጫውን የምሰጠው ለገብስ ነው። የ2007ቱ ፖሊመር ብረትና ሲሊከን ያለበት፣ ኬሚስት በብዙ ጥንቃቄ የሚያዘጋጀው ነገር ነው፤ ገብስ ግን ሥራውን የሚጨርሰው በስኳርና በውኃ፣ በዳባት ብርድ ነው።